መሪ ላይ የሚያንቀላፋው ማን ነው?

ስለ መንገድ አደጋ ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ስለ እንቅልፍ ሦስት ዓይነት ቁጥር ይጠቀሳል። አንዱ፣ በማንቀላፋት የሚደርሰው አደጋ ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው ወደ 10 ያደርሰዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ እንቅልፍ አለበት ይላል። ሦስቱም የመጡት ከአንድ አገር፣ ከአሜሪካ ነው። ሦስቱም በቁም ነገር የተሠሩ ናቸው። አንባቢ ግን ግራ ይጋባል። ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሿን ቁጥር ይዞ ይሄዳል።

ሌላም ግራ መጋባት አለ። መሪ ላይ አንቀላፋ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሳቢ እየጎተተ የሚነዳ፣ ዐይኑ የቀላ ሰው ይታየናል። ይህ ሥዕል ከመሬት ተነስቶ የተሳለ አይደለም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው። በሌላው ግማሽ ውስጥ የሌሊት ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚነዳ ሐኪም አለ። የ20 ዓመት ወጣት አለ። ሲያንኮራፋ አድሮ ጠዋት ደክሞት የሚነሳ ጎልማሳም አለ።

ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ ናቸው። ቁጥሮቹ ለምን እንደማይስማሙ ካልገባን፣ ማን ምን ያህል እንደሚያንቀላፋም አይገባንም።

እንቅልፍ አሻራ አይተውም

መጠጥ ደም ውስጥ ይገኛል። ስልክ መዝገብ አለው፤ በስንት ሰዓት እንደተደወለ ይታያል። እንቅልፍ ግን ምንም አይተውም። እንደ አልኮል በትንፋሽ የሚለካበት መሣሪያ የለም። የግጭቱ ድንጋጤ ራሱ ሰውየውን ያነቃዋል። ፖሊስ ሲደርስ የሚያገኘው ዐይኑ ቁልጭ ያለ ሰው ነው። «እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?» ሲባል ብዙዎቹ አይ ይላሉ። ሁሉም እየዋሹ አይደለም። ሸለብ ባደረገው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የተቀሰቀሰ ሰው፣ መተኛቱን ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ግሬት ሄክ በተባለ ቦታ የደረሰውን እንይ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው የፌብሩዋሪ ወር መጨረሻ፣ ገና ማለዳ ነበር። አንድ ሰው ተጎታች ባሰረ መኪናው ከአውራ ጎዳናው ወጣ። ዳገቱን ተንሸራቶ ወረደና የባቡር ሐዲድ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ራሱ አልተጎዳም። ከመኪናው ወርዶ ለእርዳታ እየደወለ ሳለ የመንገደኞች ባቡር መጥቶ መኪናዋን መታት። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ። ከፊት ለፊት ከሚመጣ የጭነት ባቡር ጋርም ተጋጨ። 10 ሰዎች ሞቱ። ሰውየው ሌሊቱን ሳይተኛ እንዳደረ በፍርድ ቤት ተነገረ። እሱ ግን አላንቀላፋሁም ብሎ ተከራከረ። ጥፋተኛ ተባለ፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት። እዚህ ፍርድ ላይ ለመድረስ ረጅም ምርመራ ጠይቋል። ሰው ላልሞተበትና መከላከያ ብረት ለታከከ መኪና እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያደርግ የለም።

ስለዚህ መርማሪዎች የሚሠሩት በምልክት ነው። መኪናዋ ብቻዋን ከመንገድ ከወጣች፣ አስፋልቱ ላይ የፍሬን ጭረት ከሌለ፣ ሹፌሩ ብቻውን ከነበረ፣ ሰዓቱም ሌሊት ወይም ከምሳ በኋላ ከሆነ እንቅልፍ ይጠረጠራል። ጥርጣሬው ግን ሁልጊዜ ቅጹ ላይ አይሰፍርም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ለ2017 የቆጠረው ፖሊስ የመዘገባቸውን ነው። 91 ሺህ ያህል አደጋ፣ 50 ሺህ ያህል ተጎጂ፣ ወደ 800 የሚጠጋ ሞት። ትንሿ ቁጥር፣ ከመቶ 1 ወይም 2 የምትለው፣ የምትመጣው ከዚህ ዓይነት መዝገብ ነው።

መካከለኛዋ ቁጥር የመጣችው ከካሜራ ነው። ከ3,500 በላይ ፈቃደኛ አሽከርካሪዎች መኪናቸው ውስጥ ካሜራ ተገጠመላቸው። እንደ ወትሯቸው እየነዱ ለወራት ተቀረጹ። በዚህ ጊዜ 700 ያህል አደጋ ደረሰ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ተመራማሪዎች ከግጭቱ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ደቂቃዎች እያዩ የሹፌሩን ዐይን ቆጠሩ። ፐርክሎስ የሚባል መለኪያ ተጠቅመዋል። ፐርክሎስ ማለት ባጭሩ የዐይን ቆብ ብሌኑን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሸፈነበት ጊዜ ከጠቅላላው ስንት እጅ ነው ማለት ነው። ተራ እርግብግቢት አይቆጠርም። ውጤቱ ከመቶ 8.8 እስከ 9.5 ሆነ። ከፍ ያለ ጉዳት ባደረሱት አደጋዎች ደግሞ ከ10 አለፈ። ፖሊስ ቢጠየቅ ኖሮ አብዛኛውን አያገኘውም ነበር።

ትልቋ ቁጥር ሰው ስለሞተባቸው አደጋዎች ብቻ ናት። ያው ፋውንዴሽን በ2014 ያወጣት ስትሆን፣ በመዝገቡ ላይ «አልታወቀም» ተብሎ የታለፈውን በስታቲስቲክስ ዘዴ ሞልቶ የደረሰባት ግምት ናት። 21 ከመቶ ትላለች። ግምት ስለሆነች በጥንቃቄ መያዝ አለባት። መሠረት የሌላት ግን አይደለችም። አንቀላፍቶ የሚጋጭ ሰው ፍሬን አይረግጥም፣ መሪም አያዞርም። በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚገባው። ስለዚህ እንቅልፍ ያለበት አደጋ ከሌላው ይልቅ ገዳይ ቢሆን አያስገርምም።

በእኔ እይታ ለእውነቱ ቅርብ የሆነችው የካሜራዋ ናት። ሰውን ጠይቃ አይደለም የቆጠረችው፤ አይታ ነው።

አራት ሰከንድ

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ሹፌሩ ለአራት ሰከንድ ዐይኑን ቢከድን 111 ሜትር ይሄዳል። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። መሪው ተይዟል፣ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው፣ መኪናውን የሚነዳው ግን ሰው የለም። ይህ ማይክሮስሊፕ ይባላል። በአማርኛ ቅጽበታዊ ሸለብታ ልንለው እንችላለን። ከአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ጥቂት ሰከንዶች ይቆያል። አንዳንዴ ዐይን ሳይከደን ጭምር ይመጣል።

ከዚያ በፊት የሚታይ ነገር አለ። ማዛጋት ይደጋገማል። ጭንቅላት ይከብዳል። ሹፌሩ ያለፈውን ምልክት አያስታውስም፤ «እዚህ መቼ ደረስኩ?» ይላል። መኪናዋ መስመሯን ትለቅና በመሪ መንጨቅ ትመለሳለች። እዚህ ነጥብ ላይ የደረሰ ሰው ትንሽ እንደደከመው ነው የሚሰማው። በእውነቱ ግን አንጎሉ በየመሀሉ መጥፋት ጀምሯል።

እንቅልፍን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ክምችት ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሚጠርገው መተኛት ብቻ ነው። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ብንተኛም ባንተኛም በራሱ ይዞራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ዋናው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ሌላው፣ ቀለል ያለው፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ብዙ ሰው የከሰዓቱን ድብታ በምሳ ያመካኘዋል። ምሳ ሊያባብሰው ይችላል፤ ያልበላ ሰውም ግን ያገኘዋል። በ1995 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ጥናት በእንቅልፍ የመጡ አደጋዎችን በሰዓት ሲደረድር፣ ጎልተው የወጡት ሌሊት 8፣ ንጋት 12 እና ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአውራ ጎዳናዎች ላይ ከደረሱት አደጋዎች ከመቶ 20 በላይ ከእንቅልፍ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል።

ከመጠጥ ጋር ማነጻጸሩ ብዙ ይረዳል። በ1997 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ሥራ እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ይህ ብዙ አገሮች ማሽከርከር የሚከለክሉበት መጠን ነው። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይደርሳል። 17 ሰዓት ደግሞ ያን ያህል ረጅም አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ማታ 5 ሰዓት ላይ ይደርስበታል።

አንድ ሌሊት አለመተኛት ብቻ አይደለም ችግሩ። በ2003 የታተመ ሌላ ሙከራ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በቀን 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች አስተኛቸው። በመጨረሻ ንቃታቸው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጭራሽ ካልተኛ ሰው ጋር እኩል ሆነ። እነሱ ግን ለምደነዋል ብለው ነበር የሚያስቡት። ስሜታቸው ባለበት ረጋ፤ ብቃታቸው ግን መውረዱን ቀጠለ። «እኔ ትንሽ እንቅልፍ ይበቃኛል» የሚል ሰው ሁሉ ይህን ውጤት ቢያየው ደስ ይለኛል። አብዛኛው ሰው ስለራሱ የተሳሳተ ነገር ነው የሚያውቀው።

ስንት ሰው ነው የሚያንቀላፋው?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2013 ያወጣው ጥናት ወደ 147 ሺህ ሰዎችን ጠይቋል። ከመቶ 4.2ቱ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንዴ መሪ ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ተናግረዋል። ከ24 ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ። ወንዶች 5.3፣ ሴቶች 3.2 ከመቶ ነበሩ። በቀን 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የሚተኙና የሚያንኮራፉ ሰዎች ከሌላው ይበልጥ አዎ ብለዋል።

በአውሮፓ 19 አገሮች ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች መልስ የሰጡበት ሌላ ጥናት አለ። በ2015 የታተመ ነው። እዚያ ጥያቄው ስለ ሁለት ዓመት ነበር። 17 ከመቶ አንቀላፍተናል አሉ። ከእነዚህ 7 ከመቶው አደጋ ደርሶባቸዋል። ከአገር አገር ያለው ልዩነት ግን በጣም ሰፊ ነው። በአንዱ 6፣ በሌላው 35 ከመቶ ገደማ። ይህን ያህል ልዩነት የሰዎቹ እንቅልፍ ብቻ ያመጣዋል ብሎ መቀበል ይከብዳል። መጠይቁ በኢንተርኔት የተሞላ ስለሆነ ችግሩ የደረሰበት ሰው ይበልጥ ሊመልስ ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ሰው ማመን ያፍራል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው እውቀቱ መኖሩ ነው። ያው የአሜሪካ ፋውንዴሽን በሠራው ዳሰሳ 96 ከመቶ አሽከርካሪዎች እንቅልፍ እየጣለ መንዳትን ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው ብለውታል። ከእነሱው መካከል ከአስሩ ሦስት የሚጠጉት ባለፈው ወር ዐይናቸውን ለመግለጥ እየታገሉ ነድተናል ብለዋል።

የከባድ መኪና ሹፌሮች

በ1997 የታተመ የታወቀ ጥናት 80 የረጅም መንገድ ሹፌሮችን በሥራ ላይ ተከታተለ። የአንጎላቸውን ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያና ካሜራ ተደረገላቸው። በየቀኑ የተኙት በአማካይ ከ5 ሰዓት ያነሰ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እየነዱ ሳለ ቢያንስ ለአንድ የስድስት ደቂቃ ጊዜ ድብት ብሏቸው ታይቷል። እንግዲህ እነዚህ ሹፌሮች ካሜራ እንዳለ እያወቁ ነው። ቸልተኞች ስለሆኑ አይደለም። በኪሎ ሜትር ወይም በጉዞ የሚከፈለው ሰው የሚተኛበት ሰዓት ከደሞዙ ይቀነስበታል። ጭነት በሚራገፍበት ቦታ ለሰዓታት ይጠብቃል። ከዚያ ደግሞ ሌሊት ይነዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕመም ነው። ስሊፕ አፕኒያ ማለት በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ መንገድ እየተዘጋ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚልበት ሕመም ነው። በሽተኛው በሌሊት ብዙ ጊዜ ይባንናል፤ ግን አያስታውሰውም። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ያልተኛ ሰው ሆኖ ይነሳል። ከባድ ማንኮራፋትና ወፍራም አንገት ዋነኛ ምልክቶቹ ናቸው። ሙሉ ቀን መቀመጥና ውፍረት ሹፌሮችን በቀላሉ ያጋልጣቸዋል። በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከንግድ መኪና ሹፌሮች 28 ከመቶው ከቀላል እስከ ከባድ አፕኒያ እንዳለባቸው ገምቷል። ሕመሙ ያለበት አሽከርካሪ የመጋጨት ዕድሉ ከሌለበት በአማካይ 2.4 እጥፍ ገደማ መሆኑን በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አሳይቷል። ሕክምናው አለ። ሲፓፕ የሚባል፣ በአፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በየሌሊቱ የሚጠቀምበት ሰው ንቃቱ ይመለሳል።

ታዲያ አብዛኛው የእንቅልፍ አደጋ የከባድ መኪና ነው? አይደለም። እጅግ አብዛኛዎቹ የሚደርሱት በተራ የቤት መኪና ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቤት መኪናው ይበዛል። አንድ ተሳቢ መኪናና አንድ የቤት መኪና በዕድሜያቸው ሙሉ ቢነጻጸሩ ግን ተሳቢው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሌሊት ይሄዳል። ሲጋጭ ደግሞ የሚሞተው በአብዛኛው በሌላኛው መኪና ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ «ሹፌሮች ናቸው ችግሩ» የሚለውም፣ «ሹፌሮችን አትንኩ» የሚለውም የያዘው ቁጥር አለው። አንዱ ስጋቱን በነፍስ ወከፍ ይቆጥራል። ሌላው ጠቅላላውን ይቆጥራል።

ወጣቶችና ሽማግሌዎች

አብዛኛው ሰው አዛውንት ያንቀላፋል ብሎ ይገምታል። ማስረጃው ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ከ1990 እስከ 1992 ከደረሱት አደጋዎች ውስጥ፣ ሹፌሩ ሳይጠጣ ግን አንቀላፍቶ የተጋጨባቸው 4,333 ተለይተው ተጠኑ። ከግማሽ በላይ፣ 55 ከመቶው ሹፌሮች፣ 25 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ። ብዙ አደጋ የታየበት ዕድሜ 20 ነበር። ከላይ በጠቀስኩት የእንግሊዝ ጥናትም ግማሽ ያህሉ ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ናቸው።

ለምን ወጣቶች? ብዙ ጊዜ «ሲጨፍሩ እያደሩ» ይባላል። ይህ ፍርድ ችኮላ አለበት። በጉርምስናና በወጣትነት የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይገፋል። ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ አይመጣለትም። ትምህርትና ሥራ ግን በማለዳ ይጀምራሉ። መሀል ላይ የሚጎድለው እንቅልፉ ነው። የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠንም ከጎልማሳ ይበልጣል። ብዙዎች ደግሞ እየተማሩ ይሠራሉ። በዚህ ላይ የመንዳት ልምዱ ትንሽ ነው። መኪናው መስመር ሲለቅ ጎልማሳው የሚያስተካክለውን እሱ በድንጋጤ ይነጭቀዋል።

የዕድሜ ልዩነቱ በሰዓትም ይታያል። ወጣቶቹ በብዛት የሚጋጩት ሌሊት ነው። ከ65 ዓመት በላይ ያሉት ከሰዓት በኋላ ነው። በላቦራቶሪ ሌሊቱን እንዳይተኙ ሲደረጉ፣ ጤነኛ አዛውንቶች ከወጣቶች የተሻለ ንቃት እንደሚያሳዩ በተደጋጋሚ ታይቷል። እነሱን የሚጥላቸው ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒት። ለአለርጂ፣ ለሕመም ማስታገሻና ለእንቅልፍ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጠዋትም ደም ውስጥ ይቆያሉ። በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ለሴቶች ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም እንዲወርድ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የሴቶች ሰውነት መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ያስወግደዋል። ተኝታ የተነሳች ሴት ለመንዳት ሳትበቃ መሪ ትይዛለች።

ሌሊት ሠርተው ጠዋት የሚነዱ

ይህ ቡድን ከሁሉም ያነሰ ነው የሚወራለት። ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ጠባቂዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች። መንዳት ሥራቸው አይደለም፤ ስለዚህ የመንዳት ሰዓትን የሚገድብ ሕግ አይመለከታቸውም። ግን ሰውነታቸው ለመተኛት ሲጮህ ነው መኪና የሚያስነሱት።

በ2005 የታተመ ጥናት 2,737 ተለማማጅ ሐኪሞችን ተከታትሏል። 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከሠሩ በኋላ ሲነዱ፣ የመጋጨት ዕድላቸው ከአጭር ተራ በኋላ ከሚኖረው ከእጥፍ በላይ ነበር። ለጥቂት የመትረፍ አጋጣሚ ደግሞ ወደ ስድስት እጥፍ ደረሰ። በወር ውስጥ አንድ ረጅም ተራ በተጨመረ ቁጥር፣ ከሥራ ወደ ቤት ሲመለሱ የመጋጨት ስጋቱ በ16 ከመቶ ከፍ ይል ነበር። ሰው ሲያድኑ ያደሩ ሰዎች ናቸው።

በ2016 የታተመው ሙከራ ደግሞ ነገሩን በዐይን አሳይቷል። 16 የሌሊት ሠራተኞች በተዘጋ መለማመጃ መንገድ ላይ እውነተኛ መኪና ለሁለት ሰዓት ነዱ። ሁለት ጊዜ ነዱ፤ አንዴ ሌሊቱን ተኝተው፣ አንዴ ከሌሊት ተራ ወጥተው። አጠገባቸው ፍሬን መርገጥ የሚችል ሰው ተቀምጧል። ተኝተው በነዱበት ቀን ምንም አልተፈጠረም። ከተራ ወጥተው በነዱበት ቀን ከ16ቱ ስድስቱ ለመጋጨት ተቃርበዋል፤ በድምሩ 11 ጊዜ። የሰባቱ ጉዞ ለደህንነት ሲባል ሳያልቅ ተቋረጠ። መስመር መልቀቅ የጀመረው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። «ቤቴ ቅርብ ነው» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ቡድን የሚቀርቡ ወላጆች አሉ፤ ጨቅላ ሕፃን ያላቸው። እንቅልፋቸው በመጠንም በጥራትም የተቆራረጠ ነው። ተረኛ ተብለው የሚመዘገቡበት ቦታ ግን የለም።

ሕግ፣ መሣሪያ ወይስ የሥራ ሰዓት?

የመጀመሪያው ሐሳብ ቅጣት ነው። የአሜሪካ ኒው ጀርሲ ስቴት በ2003 «የማጊ ሕግ» የሚባለውን አወጣ። ከ24 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለ ሰው በግድየለሽነት እንዳሽከረከረ ሊቆጠር ይችላል። መነሻው ለ30 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሹፌር በ1997 የገደላት የ20 ዓመት ወጣት ናት። ሹፌሩ በመጨረሻ የተቀጣው 200 ዶላር ብቻ ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች ቢያንስ ድርጊቱ ስም አገኘ ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ተቺዎቹ ደግሞ 24 ሰዓት አለመተኛትን ማን ያረጋግጣል ይላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ሦስት ሰዓት የተኛውንም ሰው የ24 ሰዓቱ መለኪያ አይነካውም። ይህም ልክ ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ገደብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሹፌር ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ይፈቀዳል። በአሜሪካ የጭነት ሹፌር እስከ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን 10 ሰዓት ማረፍ ይጠበቅበታል። እነዚህ ገደቦች ሕይወት እንደሚያተርፉ አልጠራጠርም። የሚለኩት ግን የመንዳት ሰዓትን እንጂ እንቅልፍን አይደለም። ሹፌሩ እረፍቱን የት ነው የሚያርፈው? ጸጥ ያለ ማቆሚያ አለ? አፕኒያ እንዳለበት ከታወቀ ሥራውን ያጣል? መታመኑ እንጀራውን የሚያሳጣው ሰው ሕመሙን ይደብቃል። ምርመራው ከሕክምናና ከሥራ ዋስትና ጋር ካልመጣ፣ የሚያገኘው የሚደብቁ ሰዎችን ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የሹፌሩን ድብታ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። አንዳንዱ የመሪውን አያያዝ ይከታተላል፣ አንዳንዱ በካሜራ ዐይንን ያያል። ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም መብራቱ በርቶ ሰውየው መንዳቱን ከቀጠለ ምንም አልተለወጠም። በከፊል ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሹፌሩን ከሥራ ነጥለው ተቀምጦ እንዲያይ ብቻ ያደርጉታል። ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ ራሱ እንቅልፍ ይጠራል።

ብዙ ሹፌሮች መስኮት ይከፍታሉ፣ ሬዲዮ ከፍ ያደርጋሉ። ሁለቱም ተፈትነው የረዱት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያውም በጭንቅ። በሙከራ የሠራው መኪናን ዳር አቁሞ ቡና ጠጥቶ ወዲያው 15 ደቂቃ ማሸለብ ነው። ካፌይን አዴኖሲንን አያጠፋውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ለዚህም ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሸለብታው ያንን ጊዜ ይሞላል። ሲነሳ ደግሞ መደንዘዙ እስኪለቀው ጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህም ቢሆን የሚያደርሰው እስከሚቀጥለው ማደሪያ ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ከሦስቱ ሐሳቦች የቱም ቢመረጥ ውጤቱን የሚለካ ነገር ያስፈልጋል። ያ ደግሞ አሁን የለም። የአደጋ መርማሪ የመንገዱን ስፋት ይለካል፣ ጎማውን ያያል፣ ትንፋሽ ያስነፋል። ከዚያ በላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ብዙ አይከብድም፦ «ከእንቅልፍ ከነቃህ ስንት ሰዓትህ ነው? ባለፈው 24 ሰዓት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ያው የአሜሪካ ፋውንዴሽን በ2016 ያደረገው ይህን የመሰለ ነው። መርማሪዎች አደጋ የደረሰባቸውን ሹፌሮች የጠየቁበትን መረጃ ወስዶ አሰላ። መነሻው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ የተኛ ሰው ነው። ከ5 እስከ 6 ሰዓት የተኛው የመጋጨት ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ ወጣ። ከ4 እስከ 5 የተኛው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ከ4 ሰዓት በታች የተኛው 11 እጥፍ ተኩል።

ጥያቄው «አንቀላፍተሃል?» አልነበረም። እሱን ማንም በቀላሉ አይመልስም። ስንት ሰዓት ተኛህ ሲባል ግን የከባድ መኪናውም ሹፌር፣ ሐኪሟም፣ የ20 ዓመቱም ልጅ የሚመልሱት ቁጥር አላቸው።